ምንባቡን ማን አነበበው?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። መስኮቱን ስከፍተው የባጃጅ ድምፅ ይገባል፣ ስዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጥም። እዚያች ክፍል ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቱቶሪያል እሰጣለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ።

የዛን ቀን ዘጠኝ ተማሪዎች መጡ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ላይ አሥር የንባብ ጥያቄዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ አለው። ምንባቡ ግን የለም። ስለ ወባ በሽታ የሚያወራ የአንድ ገጽ ምንባብ ነበር፤ ሆን ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

«ቲቸር፣ ምንባቡን ረስተኸዋል» አለ አንዱ።

«አልረሳሁም። ሳታነቡ መልሱ።»

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ አጎንብሰው ማክበብ ጀመሩ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። ሳርመው ከዘጠኙ ስምንቱ ከግማሽ በላይ አግኝተዋል። አንዱ ልጅ ከአሥር ስምንት አመጣ። ዓይኑ ያላየውን ምንባብ!

ቀጥዬ ምንባቡን ሰጠኋቸውና ያንኑ ጥያቄ ድጋሚ አሠራኋቸው። ውጤታቸው ከፍ አለ፣ ግን ብዙም አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ቢጨምሩ ነው።

ክፍሉ ጸጥ ያለው ሦስተኛው ነገር ላይ ነው። «በሉ ወረቀቱን ገልብጡትና ምንባቡ ምን እንደሚል ንገሩኝ» አልኳቸው። «እንግሊዝኛ አያስፈልግም። በአማርኛም ይሁን በሲዳሙ አፎ፣ በፈለጋችሁት።»

«ስለ ወባ ነው» አለ ስምንት ያመጣው ልጅ።

«እሺ፣ ስለ ወባ ምን ይላል?»

አሰበ፣ አሰበና «ወባ መጥፎ ነው ይላል» አለኝ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቁ ከአንጀቴ አልነበረም። ምክንያቱም ሳያነቡ መመለስን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር። የእኔ ቱቶሪያል የሚታወቀው በአቋራጭ ነው። «መጀመሪያ ጥያቄውን እይ፣ ምንባቡን ተወው። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልግ፤ ያገኘህበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ መልሱ አለ። ኦልዌይስ እና ኔቨር ያለበትን ምርጫ ሰርዝ። ኦል ኦፍ ዘ አበቭ ካለ ጠርጥር። ከአራቱ ረጅሙን ምርጫ አትናቀው።» ይህን የመሰለ ምክር በቴሌግራም ቻናሎችም ሞልቷል። እናንተም ከማን እንደሆነ ባታስታውሱትም ሰምታችሁታል። እኔም ራሴ ተማሪ እያለሁ በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት።

ታዲያ ምን ነካኝና ልጆቹን እንዲህ ፈተንኳቸው? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝ። አንደኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ለዕረፍት ነው የመጣው። እንግሊዝኛ ላይ ጥሩ ካመጡት ልጆቼ አንዱ ስለነበር በኩራት «እንዴት ነው ትምህርት?» አልኩት። ፊቱ ልክ አልነበረም። «ቲቸር፣ ሀንድአውቱን አነበዋለሁ አነበዋለሁ፣ ገጹ ያልቃል፣ ግን ምንም አልያዝኩም። እዚያ ደግሞ ምርጫ የለውም» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «ልመለስ እያሰብኩ ነው» አለ። ይኼ ቃል ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እኔ ያሳለፍኩት ልጅ ነዋ!

ነገሩ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ስቱዋርት ካትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት አለ። ኤስኤቲ ከተባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የንባብ ጥያቄዎችን ወሰዱ፣ ምንባቡን ደበቁ፣ ተማሪዎችን በጥያቄው ብቻ ፈተኑ። ጥያቄዎቹ አምስት አምስት ምርጫ ስለነበራቸው በዕድል ብቻ የሚገኘው ከመቶ 20 ገደማ ነው። ተማሪዎቹ ግን በግልጽ ከዚያ በላይ አገኙ። ማለትም ጥያቄዎቹ ይለኩት ከነበረው ውስጥ የተወሰነው ንባብ አልነበረም፤ ጠቅላላ ዕውቀትና የፈተና ብልጠት ነበር።

የእኔ የወባ ወረቀትም እንደዚያው ነው። «ወባ በምን ይተላለፋል?» ብሎ ጠይቆ ከምርጫዎቹ አንዱን ትንኝ ካደረገ፣ የሐዋሳ ልጅ ለዚህ ምን ምንባብ ያስፈልገዋል? እዚሁ አድጎ!

አንብቦ የመረዳት ፈተና ሊለካቸው የሚገቡት ነገሮች ሌላ ናቸው። ጸሐፊው በዋናነት ምን እያለ ነው? ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው «ኢት» የምትተካው ማንን ነው? ይህ ቃል እዚህ ቦታ ላይ ምን ማለት ነው? ጸሐፊው በቀጥታ ያላለው፣ ግን ካለው ተነስተን ልንደርስበት የምንችለው ሐሳብ የቱ ነው? ሐሳቡን ይደግፋል ወይስ ይቃወማል? እነዚህን ቃል በማደን አታገኟቸውም። ምንባቡ መጀመሪያ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ታሪክ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ፈተና ይዤ መጣሁ። ምንባቡን በእንግሊዝኛ ራሴ ጻፍኩት፤ ርዕሱ የራሳችን ሐይቅ ነው። ከክፍላችን ወደ ሐይቁ ሩቅ አይደለም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ዓሣ በልተውበታል፣ ፎቶ ተነስተውበታል። ጥያቄው ግን እንዲህ የሚል ነው፦ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሃው በፀሐይ እየተነነ ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አብያታና ሻላ እንደዚያ ናቸው። የእኛው ታዲያ ለምን ጨዋማ አልሆነም?

ስድስት ጥያቄ አወጣሁ። ጥያቄዎቹ ላይ ያሉት ቃላት ምንባቡ ላይ ካሉት ጋር እንዳይመሳሰሉ ተጠነቀቅኩ። እንደ ባለፈው መጀመሪያ ምንባቡን ደብቄ ሰጠኋቸው። አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት አመጡ፣ ማለትም የዕድላቸውን ያህል። ምንባቡን ስሰጣቸውም ብዙዎቹ ከሦስት አላለፉም። ያ ስምንት ያመጣው ጎበዝ ልጅ በእርሳሱ ጫፍ መስመር ለመስመር ቃል ሲያድን ቆየና «ቲቸር፣ ይኼ ቃል እኮ ምንባቡ ውስጥ የለም!» ብሎ ተናደደ።

አምስት ያመጣችው አንድ ልጅ ብቻ ነች። ሁሌም ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ከቱላ በኩል በታክሲ እየተመላለሰች ነው የምትማረው። በወባው ፈተና ከግማሽ በታች ያመጣችው ብቸኛዋ ተማሪ እሷ ነበረች፤ ከአሥር ሦስት። ያኔ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሳላነብ ምን ብዬ ልመልስ? የመጣልኝን አከበብኩ» ነበር ያለችኝ። እኔ በልቤ ደካማ ናት ብዬ መዝግቤያት ነበር።

ወረቀቱን አስገለበጥኳቸውና ምንባቡን እንድትነግረን ጠየቅኳት። በአማርኛ ጀመረችና አፈረች። ከዚያ ወደ ጎኗ ዞር ብላ ለጓደኛዋ በሲዳሙ አፎ ነገረቻት፤ ጓደኛዋ ተረጎመችልን። «ሐይቁ ከላይ መውጫ የለውም፣ ከሥር ግን በመሬት ውስጥ ይሰርጋል ነው የሚለው። ጨዉም አብሮ ይሄዳል። ለዚያ ነው ጨው ያልሆነው።» ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት። ከሐይቁ አጠገብ አድገው ይህን የሰሙት ገና ያን ዕለት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን በጭብጨባ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፦ ልጅቷ ያንን ወረቀት ለመጨረስ 25 ደቂቃ ፈጅቶባታል። በዋናው ፈተና ለአንድ አጭር ምንባብ 25 ደቂቃ የሚሰጣት የለም። እዚያ ብትቀመጥ የሚያነበው ልጅ ሳትጨርስ ትቀራለች፣ የማያነበው ልጅ ጨርሶ ይወጣል። ማሽኑ የሚያየው የጠቆረውን ክብ ነው፤ ማን እንዳነበበ አያይም።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? የ12ኛ ክፍል ፈተናን ውጤት ታስታውሳላችሁ። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እየተሻሻለ ነው፣ ግን አሁንም ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ ከግማሽ በታች ነው።

ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላክክ አላልኩም። ኮረናው፣ ጦርነቱ፣ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህራን ኑሮ፣ ለዓመታት የተለመደው ኩረጃ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የፊዚክሱም የባዮሎጂውም የጂኦግራፊውም ወረቀት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አፕቲቲዩዱማ ግማሽ ጎኑ ንባብ ነው። የባዮሎጂ ጥያቄ ተማሪው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የንባብ ጥያቄ ነው፤ ባዮሎጂ የሚሆነው ከተረዳው በኋላ ነው። መልሱን እያወቀ ጥያቄውን ሳይረዳ የሚወድቅ ስንት አለ?

ሥሩ ደግሞ ከ12ኛ ክፍል በጣም ይርቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጀምረው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ወሰነ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጥያቄው ልጁ በመጀመሪያው ቋንቋ በእርግጥ ማንበብ ችሎ ነበር ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲዳሙ አፎን ጨምሮ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የትንንሽ ልጆች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ያኔ በሲዳማ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በራሳቸው ቋንቋ ካነበቡት አጭር ታሪክ አንድም ጥያቄ መመለስ አልቻሉም። እንግሊዝኛ ገና ሳይመጣ! እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በእኔ ክፍል አልፈው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ካትሊን ሂው እና ባልደረቦቻቸው ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት ጥናት ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ነገር አሳይቷል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች 8ኛ ክፍል ሲደርሱ የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ እንግሊዝኛንም ጨምሮ። ከላይ ስታዩት ግራ ያጋባል። ግን ማንበብ አንድ ጊዜ ነው የሚለመደው። በአንዱ ቋንቋ ገጽ አንብቦ ሐሳብ ማውጣት የለመደ ሰው ያንን ልማድ ይዞት ወደ ሌላው ቋንቋ ይሻገራል። ያልለመደው ደግሞ ይዞት የሚሻገረው የለም፤ ቃል ማደን ነው የሚቀረው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ክፍሌን ቀየርኩት። አሁን ጥያቄ ከማየታችን በፊት ሁሉም ምንባቡን በሚመቸው ቋንቋ ይናገራል። ያልገባው ቦታ ጋ ይቆማል። መልስ ሲመርጥም «ለምን?» እለዋለሁ፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ መስመሩን ጠቅሶ ማስረዳት አለበት። በአንድ ቅዳሜ አምስት ምንባብ እንሠራ የነበርነው አሁን አንድ ብቻ እንሠራለን።

ዋጋ አስከፍሎኛል። ሁለት ልጆች «ይኼማ አማርኛ ክፍል ሆነ» ብለው ሌላ ቱቶሪያል ሄዱ። የአንዷ እናት ደወሉልኝ። «መምህር፣ ልጄ ከአሥር ሰባት ስምንት ታመጣ ነበር፤ አሁን አራት ይዛ መጣች። ምን ነካት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አሁን ነው ማንበብ የጀመረችው» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እሱስ ይሁን፤ ፈተናው ላይ ግን ምን ልትሆን ነው?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። ስለዚህ አቋራጩን ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም። ፈተናው ሊደርስ ሲል ሰዓት አጠቃቀም፣ የቱን ጥያቄ ማስቀደም እንዳለባቸው፣ ሲጨንቃቸው የትኛውን ምርጫ መሰረዝ እንደሚሻል አሁንም እናገራለሁ። ግን ያ በመጨረሻ የሚመጣ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ብልጠት ላነበበ ሰው ጊዜ ይቆጥብለታል፤ ላላነበበ ሰው ግን ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ ብቻ ነው የሚሸኘው።

እናንተም ይህን በስልካችሁ እያነበባችሁ ስለሆነ እዚያው ስልክ ላይ ራሳችሁን መፈተን ትችላላችሁ። ያላችሁን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ክፈቱና 100 ቃል ያህል ቁጠሩ። የማታውቁት ስንት ነው? ፖል ኔሽን የተባሉት ኒውዚላንዳዊ የቋንቋ ምሁር ከባልደረባቸው ጋር በሠሩት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁለት በላይ ካልታወቃችሁ ሰነፍ ናችሁ ማለት አይደለም፤ ጽሑፉ ለጊዜው ከበዳችሁ ማለት ነው። ወረድ ያለ ጀምሩ። የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ማንበብ አያሳፍርም።

ከዚያ አንድ አንቀጽ አንብቡና ስልኩን ደፉት። ለጓደኛችሁ፣ ለእህታችሁ፣ ማንም ከሌለ በቮይስ ሪከርደር ለራሳችሁ፣ በራሳችሁ ቋንቋ ተናገሩት። መናገር ያቃታችሁ ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። የድሮ ፈተና ስትሠሩ ደግሞ የእኔን ጨዋታ ሞክሩት፦ ምንባቡን ሸፍናችሁ መልሱ። ሳታነቡ ያገኛችኋቸውን መልሶች ከውጤታችሁ ላይ ቀንሱ። የቀረው ነው የንባባችሁ ውጤት። ያናድዳል፣ ግን ሐቁን ይነግራችኋል።

ፈተና ለሚያወጡትም አንድ ቃል አለኝ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ የሚፈተንበትን ወረቀት በእጅ ማረም ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ምርጫው የግድ ነው። ግን ጥያቄው ከመታተሙ በፊት ምንባቡን ላላዩ ጥቂት ሰዎች ይሰጥ። ብዙዎቹ ከመለሱት፣ ያ ጥያቄ ንባብ አይለካምና ይጣል። የትምህርት ቤት መምህራንም ለክፍል ፈተና ይህን ለማድረግ በጀት አይጠይቃቸውም። እኔ የተጠቀምኩት ዘጠኝ ወረቀት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከክፍል ስንወጣ ያ ስምንት ያመጣው ልጅ ወደኋላ ቀረ። ወረቀቱን ዘርግቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈ። መልሱን አግኝቶታል፤ አክብቦታል፤ ልክም ነው።

«ቲቸር፣ መልሱን አገኘሁት፣ ግን ይኼ ዓረፍተ ነገር አልገባኝም» አለኝ።

ስድስት ወር አስተምሬዋለሁ። «አልገባኝም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥን።